ከአንገት እጥፋት ሥር

ሰኞ 3

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ትራስ ተጋርተን፣ በመጨረሻም እጁን ይዤ ሲያጣጥር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ እዚሁ ስፌት ቤት፣ ከመስኮቱ ሦስተኛዋ መኪና ላይ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ብብቱ የተተረተረ ካፖርት ከትልቁ ደንበኛ ተመልሶ መጣ። «ወደ ላይ አድርሺው» ተባልኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ የአንገቱን እጥፋት ገለበጥኩት። ሦስት አረንጓዴ ስፌት። አረንጓዴ የእኔ ነው። በጥርሴ በጥሼ አወጣኋቸውና በቦታቸው ሦስት ቀይ ስፌት ሰፋሁ። ቀዩ የወንበር ጓደኛዬ ነበር። በማግስቱ እሷ ከሥራ ወጣች፣ እኔ ቀረሁ።

ይኸው ጻፍኩት። ሰማዩ አልተደፋም።

እዚህ ቤት እያንዳንዷ ሰፊ የራሷ ቀለም አላት። ልብሱን ስትጨርስ ከአንገቱ እጥፋት ሥር በእጇ ሦስት ስፌት ታኖራለች። ብልሽት ሲመለስ እጥፋቱን ገልበጥ ማድረግ ነው፤ ጥፋተኛዋ ትታወቃለች። የባሌ አባት ያመጡት ሥርዓት ነው። ባሌ ጠበቀው። እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ እኔም እየጠበቅሁት ነው። ይህን ለማን እንደማብራራ አላውቅም። ደብተሩን የገዛሁት ትዕዛዝ ልመዘግብበት ነበር።

ማክሰኞ 4

ዋርሳዬ ከሰዓት በኋላ እየሮጠ ገባ። የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ደንበኛ ፈልጎ የሚያመጣው እሱ፣ ቤቱን ከውስጥ የምይዘው እኔ። ጫማውን እንኳ አልጠረገም።

«ዋርሳ፣ ተገኘ! አሥራ ሁለት ሺህ የሆስፒታል ጋዋን። ስድስት ሳምንት። በሦስት ዙር እናስረክባለን። ይሄን ካሳመርን ዓመቱን ሙሉ የእኛ ናቸው።»

«ካላሳመርንስ?»

«ካላሳመርንማ ግማሾቹን መኪናዎች ጨርቅ አልብሰሽ ታስቀምጫለሽ። ሰዎቹንም ወደየቤታቸው።»

እውነቱን ነው። ባለፈው ወቅት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራ ጠፍቶ ሴቶቹ የራሳቸውን ልጆች ልብስ ሲጥፉ ውለዋል። እሺ አልኩ። ማታ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሃያ ሁለት ሰፊ። እያንዳንዷ በቀን አሥራ አራት ከሆነ አይደርስም። አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። የከሰዓቱንም እረፍት ሰረዝኩ።

ሐሙስ 6

ነገርኳቸው። ከዚያ ቆራጩ፣ ምላሱም እንደ ሥራው ስለሆነ ሁሉም መቀስ የሚለው፣ ከጠረጴዛው ኋላ፦

«እትዬ፣ እጃችን ሁለት ነው። ሌሎቹን ሁለት ሁለት እጅ መቼ ነው የሚያከፋፍሉን?»

ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግ ስል እነሱ አቆሙ።

ሰኞ 10

ተጀመረ። ሁለት መኪና ቀበቶ በጠሰ። ጨርቁ ከተባለው ይሳሳል። ምሳ ረሳሁ።

ረቡዕ 12

የማታውን ቆጠራ አየሁ። ሁሉም አሥራ ስምንት። ሞተር ሃያ አንድ። ሞተር የምትባለው ትንሿ ልጅ ናት፤ ፔዳሉን ስትረግጥ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። እቴቴም አሥራ ስምንት።

ገረመኝ። እቴቴ የሁሉም ታላቅ ናት። እኔ ስቀጠር እዚሁ አግኝቻታለሁ። ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው ትላለች፤ መቀስ «ያኔም ስድሳ ሰባት ነበረች» ይላል። አንቱ ማለት አይቻልም፤ «አንቱታ ዕድሜ ይጨምራል፣ ለራስህ ያዘው» ብላ ትቆጣለች። ጠዋት አንድ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት አራት ጊዜ ሞከረች። በመስታወቱ እያየኋት ነበር። ቢሮዬ ከፎቁ ጫፍ ላይ ነው፣ ግድግዳው መስታወት ነው፣ ሁሉም ይታየኛል።

የለመደ እጅ አይረሳም ማለት ነው። አሥራ ስምንት። ጎሽ።

እሁድ 16

እሁድ ረጅም ነው። የምኖረው ከስፌት ቤቱ በላይ ስለሆነ፣ መኪናዎቹ ዝም ሲሉ ዝምታው ከወለሉ ሥር ይመጣል። ጠዋት ሻይ ቀዳሁ። ሁለት ብርጭቆ ቀድቻለሁ። አንዱን መልሼ ማፍሰስ ከብዶኝ ሁለቱንም ጠጣሁ።

ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ የገዛሁትን ጀመርኩ። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉትም። «ለዚህ ነው የረከሰው» ብሎኛል። መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ አይከፋኝም።

ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ከክር ካርቶን ላይ ነው የለቀምኩት። የመጀመሪያዋ ቃሌ «ጥጥ» ናት። አንዷን ፊደል ጠይቄ ሳውቅ ሁለተኛዋ ያችው ራሷ ሆና ተገኘች። ያን ቀን ሁለት ፊደል ያወቅሁ መስሎኝ ስፈነጥዝ ዋልኩ። ከዚያ ጥቅል የመጣበትን ጋዜጣ ሁሉ አነብ ጀመር። ጮክ ብዬ ነበር የማነበው። የወንበር ጓደኛዬ ትሰማኝ ነበር። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። በግራ እጇ የምትሰፋ፣ ስትስቅ አፏን በክንዷ የምትሸፍን።

ባሌ ካገባኝ በኋላም በምሳ ሰዓት ታች ወርጄ ለሴቶቹ አነብላቸው ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ተውኩት። ማንም ለምን አላለኝም። እኔ የጠበቅሁት ለምን እንዲሉኝ ነበር መሰለኝ። ሞኝነት ነው።

ቅዳሜ 22

የመጀመሪያው አራት ሺህ ወጣ። በሰዓቱ። ዋርሳዬ «አንበሳ ነሽ» አለኝ። ለሴቶቹ ምስጋና ልናገር ወርጄ ነበር፤ ጃኬታቸውን ለብሰው እየወጡ ነበር። «ደህና እደሩ እትዬ።» ደህና እደሩ አልኩ።

ረቡዕ 26

አርባ ሦስት ጋዋን ተመለሰ። ትከሻው የተከፈተ፣ ቅምቅማቱ የተጨማደደ፣ አንዱ እጅጌው ተገልብጦ የተሰፋ። ዋርሳዬ ጠረጴዛዬ ላይ ደፋውና አንገቶቹን እየገለበጠ ይቆጥር ጀመር። ሁለቱ ብቻ ሌላ ቀለም። የቀረው ሰማያዊ፣ የእቴቴ።

«አርባ አንድ! ዋርሳ፣ አርባ አንድ ሰማያዊ! እቴቴ ዓይኗ አያይም፤ ጨርሷል።»

«አርባ ዓመት ሊሞላት ነው እዚህ ቤት።»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ልጅ ሆኜ ስመጣ አዝላኝ ነበር የምትሰፋው። ከረሜላ ከኪሷ አይጠፋም ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ተረካቢው ከረሜላዋን አያውቃትም።» ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። ደክሞታል፤ ጥላሸት የመሰለ ነገር ከዓይኑ ሥር አለ። «ያበላሸችው ሰው መወገዷን በጽሑፍ ከሁለተኛው ዙር ጋር አምጡ ብለውኛል። ፊታቸው ቆሜ የምሰደበው እኔ ነኝ። ሃያ አንድ ሰው አለ ሌላ፣ እነሱስ?»

ሁለተኛው ዙር ቅዳሜ 6 ነው።

ሐሙስ 27

ጋዋኖቹን እንደገና አየኋቸው፣ ብቻዬን። ሰማያዊዎቹ ስፌቶች አንዳንዶቹ ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው። አንዳንዶቹ ቀጥ ያሉ። አራቱ መጨረሻቸው ላይ ቋጠሮ አላቸው፤ እቴቴ ቋጥራ አታውቅም፣ «ቋጠሮ አንገት ይፈጃል» ትላለች።

ደክሟት ይሆናል። ሰው ሲደክመው እጁ ይለዋወጣል።

ዓርብ 28

ከምሳ በኋላ ደረጃው ላይ ሁለት ድምፅ።

«ለእትዬ ብንነግራትስ?»

«ለማን? ለመስታወቷ?»

ሳቅ። የእኔን ኮቴ ሲሰሙ ዝም።

እውነትም መስታወቱ ቆሽሿል። ሰኞ አስጠርገዋለሁ።

ሰኞ 1

ሞተርን ጠራኋት።

«እቴቴ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት እትዬ።»

«ዓይኗስ?»

«ያያል እትዬ። ባለፈው እኔ ላይ ሩዝ ተጣብቆ ያየችው እሷ ናት።»

«አንቺ በግራ እጅሽ ነው አይደል የምትሰፊው?»

እጆቿን ወደ ኋላ ደበቀች። «እትዬ፣ ግራኝ መሆን ከሥራ ያስወጣል እንዴ?»

«አያስወጣም። ሂጂ።»

ምን ልላት እንደነበር አላውቅም። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እኔ ቀድሜ ወረቀት ማገላበጥ ጀመርኩ።

ማክሰኞ 2

ዋርሳዬ የእቴቴን ማሰናበቻ ደብዳቤ አስጽፎ አመጣ። ግማሽ ገጽ። «በተደጋጋሚ በታየ የጥራት ጉድለት ምክንያት» ይላል። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። «እስከ ዓርብ» አለኝና፣ በሩ ላይ ቆሞ «እኔን የቀለለኝ እንዳይመስልሽ» ብሎ ወጣ።

ጓደኛዬን ከሥራ ከወጣች በኋላ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ገበያ ውስጥ። ጭንቅላቷ ላይ የሰው ዕቃ ተሸክማ ከአንዲት ወይዘሮ ኋላ ትሄዳለች፤ ሕፃን ልጅ ቀሚሷን ይዟታል። እኔ አዲስ ሙሽራ፣ አዲስ ጫማ። ጃንጥላ የሚሸጥበት መደብር ውስጥ ገባሁ። ሻጩ «ምን ዓይነት ይፈልጋሉ?» አለኝ። ቀይ ገዛሁ። ለምን ቀይ እንደገዛሁ እግዜር ይወቀው። አንድም ቀን አልዘረጋሁትም።

ረቡዕ 3

በምሳ ሰዓት ታች ወረድኩ። ሳልናገር፣ በጫማዬ ሳይሆን በነጠላ ጫማ። እንዲህ ለምን እንደወረድኩ ራሴንም አልጠየቅሁም።

ምሳ ዕቃቸው እንደተከደነ ነው። እቴቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች። አምስት ሴቶች መኪና ላይ ናቸው፣ እየተጣደፉ፣ አንዷ ዳቦ በጥርሷ ይዛ። ሞተር ጋዋን ጨርሳ አንገቱን ገለበጠችና ከእቴቴ ጥቅልል ክር መዘዘች። ሰማያዊ። በግራ እጇ ሦስት ስፌት።

መቀስ አየኝ። መቀሱ ከእጁ ወደቀ። መኪናዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ዝም አሉ።

«መስኮት ልዘጋ ነው የመጣሁት» አልኩ።

መስኮቱ ዝግ ነበር። ሄጄ እጀታውን ነካ ነካ አድርጌ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ማታ

እሺ። ልጻፈው እንግዲህ።

ያወቅሁት ዛሬ አይደለም። ሐሙስ ዕለት ስፌቶቹን እንዳየሁ አውቄያለሁ። የሌላ ሰው ክር ይዞ የተሰፋ ስፌት ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ማወቅ ስላልፈለግሁ ነው፤ ካወቅሁ አንድ ነገር ማድረግ ሊኖርብኝ ነዋ።

እቴቴ አሥራ ስምንት አትሰፋም። አንዷም ሌላዋም የራሷን የጠዋት ድርሻ ከጨረሰች በኋላ፣ ምሳዋን ትታ፣ ለእቴቴ ትሰፋለች። እየተጣደፈች ስለሆነ ይበላሻል። የተበላሸው ሁሉ ሰማያዊ ምልክት አለበት። ሊያቆዩዋት የሰፉላት ስፌት ነው የሚያስወጣት።

ያጣደፋቸው ማን ነው? ቁጥሩን መልሼ አሰላሁት። ለሃያ ሁለት ሰው፣ ለስድስት ሳምንት፣ አሥራ ስድስት ይበቃ ነበር። ተርፎም ይቀር ነበር። ሁለቱን የጨመርኩት ፈርቼ ነው። ዋርሳዬ ዘንድ አንበሳ ለመባል ነው። ማንም አላዘዘኝም። እረፍቱንም የሰረዝኩት እኔው ነኝ፤ እረፍት ቢኖራቸው ኖሮ ቢያንስ ምሳቸውን ይበሉ ነበር። ባሌ በሕይወት እያለ ቁጥር ከመጨመሩ በፊት ታች ወርዶ አንድ ቀን ሙሉ አብሯቸው ይቀመጥ ነበር። ሞኝነት ይመስለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ሰኞ 3 ቀን የጻፍኩትን አነበብኩት። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ግማሽ እውነት ከውሸት ይልቅ ይመቻል፤ ትራስ ነው።

ጓደኛዬ ጋዜጣ ሳነብላት ምን ታደርግ እንደነበር አልጻፍኩም። «አንቺ አንብቢ፣ እኔ ልስፋ» ትለኝ ነበር። የእኔንም ድርሻ ትሰፋ ነበር። ከእኔ ጥቅልል አረንጓዴ ክር እየመዘዘች፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ሦስት ስፌት ታኖርልኝ ነበር። እኔ ማንበብ የተማርኩት በእሷ እጅ ነው ማለት ነው። ያ ካፖርት ግን የራሴ ሥራ ነበር፤ እሱን እሷ አልነካችውም። ቀዩንም ክር ከየትም አላመጣሁት። ያን ጠዋት አውሺኝ ብዬ ከእሷው ጥቅልል የወሰድኩት ነው፣ ቁልፍ ልተክል ነው ብዬ። «ውሰጂ፣ ምን ትጠይቂኛለሽ» አለችኝ።

የተቆጣጣሪነት ሹመት የተሰጠኝ በወሩ ነው።

እነሱ የሚያዩት ቀለም ብቻ ነበር። እጅ አላዩም። እኔም አሁን በመስታወት እያየሁ ቀለም ነው የምቆጥረው።

ዓርብ 5

እቴቴን ቢሮ አስቀመጥኳት። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው። አልፈረምኩትም፣ አልቀደድኩትምም።

«እቴቴ፣ ዓይንሽ ምን ያህል ያያል?»

«አንቺን አያለሁ። ፊትሽ ላይ ያለውን ግን አላይም። ሳይሻለኝ አይቀርም።»

«በቀን ስንት ትሰፊያለሽ? በራስሽ እጅ።»

«ስምንት። ቀኑ ብሩህ ከሆነ ዘጠኝ። ልጆቹን አትንኪያቸው። እምቢ ብያቸው ነበር። ‹ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ አንቺ ከሄድሽ ማን ይቆጣናል› አሉኝ። ይሄን ሰምቼ እንዴት አድርጌ ልሂድ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ወረድሽ? ትመጫለሽ፣ ትቆጥሪያለሽ፣ ትወጫለሽ። ለደረጃው ልንገረው?»

ከተመለሱት ጋዋኖች አንዱ አጠገቧ ነበር። እያወራች ጣቶቿ ሄዱበት፤ ድመት እንደምትዳብስ ሁሉ። «ይሄ ትከሻው ላይ ሁለት ስፌት ዘሏል» አለች። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ዘሏል። ሌላ ሰጠኋት። «ብብቱ ላልቷል።» ላልቷል። ሦስተኛውን ሰጠኋት። «ይሄ ደህና ነው፤ ለምን መለሱት?» ገለበጥኩት። ከሥሩ ቅባት ነክቶት ነው የተመለሰው፤ ስፌቱ እንከን የለውም።

ከዚያ ልብሱን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«አንቺ ልጅ፣ ስፌት ሲለዋወጥ ማወቅ ከማን ተማርሽ?»

መነጽሬን አውልቄ አስቀመጥኩ።

«ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ አይቼሻለሁ። ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር።»

«አይተሽ ዝም አልሽ? ሠላሳ አንድ ዓመት?»

«ሦስት ልጅ ነበረኝ። የባለቤቱ ልጅ ዓይኑ አንቺ ላይ ነበር፣ ይሄን ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ማን ያምነኛል? ወንበሬን ፈራሁላት።» እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ብቻሽን የተሸከምሽው መስሎሽ ነበር?»

«እሷስ? ታውቃለች?»

«በግራዋ ለምትሰፋ ሴት ወደ ቀኝ ያጋደለ ስፌት አሳይተዋት? ገና ሲገልጡት ነው ያወቀችው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረችም?»

«እሱን እሷን ጠይቂ። በየወሩ እሄዳለሁ። ከድልድዩ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ሁልጊዜ ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች።»

«ምን ብላ?»

«‹አሁንም ታነባለች?› ብላ።»

ቅዳሜ 6

ከዋርሳዬ ጋር ተጣላን። ከዚህ በፊት ተጣልተን አናውቅም። ሁሉንም ነገርኩት፣ ምሳቸውን፣ ሰማያዊውን ክር፣ አሥራ ስድስት ይበቃ እንደነበር። የካፖርቱን ግን አልነገርኩትም።

«ስለዚህ ሃያ ሁለቱም አታለውናል» አለ።

«እኔ ነኝ ያታለልኳቸው። የማይሠራ ቁጥር ሰጥቻቸው።»

«ለአንድ ሰው ብለሽ ቤቱን ልትዘጊ ነው?»

«እቴቴ መፈተሻው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። እጇ ሳይነካው አንድም ጋዋን አይወጣም። ከነገ ወዲያ አሥራ ስድስት ነው። እረፍቱም ይመለሳል።»

«መፈተሽ? ማየት የማትችል ሴት?»

ሁለት ጋዋን ወርውሬ ሰጠሁት። «ሂድ ስጣት። ከዚያ መጥተህ ተከራከረኝ።»

አልሄደም። ግን ለስለስ አለ። «እሺ፣ እሷስ ትቀመጥ። ደንበኛው ግን ጥፋተኛ አሳዩኝ ብሏል። ልብስ ሲመለስ ማንን ነው የምጠይቀው?»

ያን ጊዜ አፌ ቀደመኝ። «ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም በአንድ ቀለም ይሰፋሉ። በአረንጓዴ።»

«አረንጓዴ የማን ነው?»

«የእኔ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ወንድሜ በሕይወት ቢኖር ይሄን አይፈቅድም ነበር።»

ምናልባት። ደብዳቤውን አጥፌ በዚህ ደብተር ውስጥ አስቀመጥኩት። ሁለተኛው ዙር ያለ ደብዳቤ ሄደ።

ሰኞ 8

አረንጓዴ ክር አከፋፈልኩ። ጥቅልሉን በእያንዳንዷ እጅ ላይ በእጄ አስቀመጥኩ። መቀስ «እትዬ፣ ለእኔስ?» አለ። «አንተ ትቆርጣለህ፣ አትሰፋም» አልኩት። «ለማስታወሻ ነው እንጂ» አለ። ሳቁ። በዚህኛው እኔ ስስቅ አላቆሙም። ወይም ያቆሙት ትንሽ ዘግይተው ነው።

ረቡዕ 10

ተረካቢው ሁለተኛውን ዙር ተቀበለ። ስለ ደብዳቤው ግን ተቆጥቷል። ከሦስተኛው ዙር አንድ ሺህ አምስት መቶውን ለሌላ ስፌት ቤት ሰጠው። የዓመቱ ውል «ይታያል» ሆኗል። ዋርሳዬ በስልክ ነገረኝ፣ ቃል ሳይጨምር።

ትክክል ሠርቼ ይሆን? ባዶ መኪና እንደገና ካየሁ ማንን ነው የምከስሰው? አሁን ከሳሽም ተከሳሽም አረንጓዴ ነው።

ሐሙስ 11

በምሳ ሰዓት ወረድኩ። መጨረሻ የሌለውን መጽሐፍ ይዤ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ሞተር «እትዬ፣ መስኮቱ ዝግ ነው» አለች። ሁሉም ሳቃቸውን ዋጡ። ተቀመጥኩ። አነበብኩ። ሁለቱ አንቀላፉ። እቴቴ እያዳመጠች ምሳዋን በላች። ገጹ ሲያልቅ አንዷ «ከዚያስ?» አለች። «ከዚያ የለም፣ ተቀዷል» አልኳት። «ገንዘብዎን ተበሉ» አለች መቀስን አስመስላ።

ሠላሳ ደቂቃ ነበር። ወደ ላይ ስመለስ ክፍሉ ከወትሮው የበለጠ ጭር ብሎ ጠበቀኝ።

ማክሰኞ 16

ዘጠኝ ተመላሽ። ዘጠኙም አረንጓዴ። ሦስት ጊዜ ገልብጬ አየኋቸው። ማንንም አልጠየቅሁም። ወርጄ አሮጌዋ መኪናዬ ላይ፣ ከመስኮቱ ሦስተኛዋ ላይ ተቀምጬ ዘጠኙን አቀናሁ። እጄ ዝጓል። የመጨረሻው ላይ መርፌ ጣቴን ወጋኝ፤ ሞተር ሳትጠየቅ ጨርቅ አቀበለችኝ።

ቅዳሜ 20

የመጨረሻው ዙር ወጣ። እቴቴ ሁለት ሺህ አምስት መቶውን አንገት በአንገት ዳብሳለች። ዋርሳዬ ጭነቱን ሲያስጭን መጥቶ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆመ። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ አስቀመጠላት። እቴቴ ዳብሳ «የልጅነትህ ዕዳ ነው? ወለዱስ?» አለችው። ፊቱን አዞረ። እኔን ግን እስካሁን ቀና ብሎ አላየኝም።

እሁድ 21

ዛሬ አንድ ብርጭቆ ብቻ ቀዳሁ። ቀይ ጃንጥላውን ከቁም ሣጥኑ አወጣሁ። ጨርቁ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ግን ይዘረጋል።

እነዚህን ገጾች የምትቀበለው ከድልድዩ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው የወንበር ጓደኛዬ ናት፤ ቀይ ክር የነበረችው። በፖስታ ልልክላት ነበር። እቴቴ ሳቀችብኝ። «ፊደል መች ቆጠረችና? ወረቀቱን ምን ልታደርገው ነው?» አለች። እውነቷን ነው። ስንት ጋዜጣ አንብቤላት ይሄን ረሳሁት።

ስለዚህ ነገ ፊቷ ተቀምጬ፣ ሰኞ 3 ከሚለው ጀምሬ፣ በአፌ ማንበብ አለብኝ። ጮክ ብዬ። ጆሮዋ ደክሟል ብላኛለች እቴቴ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መስማቱ አይቀርም።